የሼፉ ድንጋይ

ወንድሜ ሰይፈ ሚካኤል በዩኒፎርም ጃኬቱ የጠቀለለውን ነገር ታቅፎ ሲገባ አባዬ ዶሮ መስሎት ፊቱ በራ። ጃኬቱ ሲገለጥ ግን የወጣው ራሱ መላጣ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ላባው የቆሸሸ አንሶላ የመሰለ ጥንብ አንሳ ነው። አንድ ክንፉ ደም ጠጥቷል። አባዬ የጎረሰውን እንደምንም ዋጠና "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኛስ ቤት ጉድ በጥቅምት መጣ" አለ።

እኔም ሳቅኩ። ሰይፈ ሚካኤል ግን አልሳቀም። አሞራውን ከውኃ በርሜሉ ጥላ ሥር አስቀምጦ ክንፉን በጨው ውኃ ማጠብ ጀመረ። ወንድሜ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስካውት ነው። የጀልዴሳን መንገድ እየተመላለሰ ጅግራና ሚዳቋ የሚተኩሱትን ይከለክላል፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ጥንብ አንሳ ባይኖር የሞተው አህያ ሁሉ ለማን ይቀር ነበር እያለ ልጆች ያስተምራል። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ልብስ ማለቴ የሱሪ ኪስ ነው፤ ከኪሱ በላይ ያለውን ሱሪ አይቼው አላውቅም። እና በሰው ሥራ መሳቅ አያምርብኝም፤ ግን እስቅ ነበር።

ክንፉን አስሮ ሲጨርስ ነገረን። ነጫጮቹ ጥንብ አንሳዎች ብርድ ሲመጣ ከባሕር ማዶ ተነሥተው ወደኛ ቆላ ይመጣሉ። ማታ ማታ በጀልዴሳ መንገድ ዳር ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ ተደርድረው ያድራሉ። ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት ነጭ ፒካፕ መጥታ ከምሰሶዎቹ ሥር ቆመች። ከመስኮቷ አፈሙዝ ወጣ። ሁለቱ ወዲያው ወደቁ፤ ሦስተኛው ይኸው በርሜላችን ሥር ያለው ነው። ሥጋ ሊበሏቸው አይደለም፤ ጥንብ አንሳ ማን ይበላል? ዒላማ ሊሞክሩባቸው ነው። ሰይፈ ሚካኤል ከቁጥቋጦው ወጥቶ መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ጠመንጃ የያዘውን ሰው ፊት ለፊት አየው።

"ማነው?" አለ አባዬ።

ወንድሜ እጁን በሱሪው ጠረገና "ክፍሌ ነው" አለ።

አባዬ ሊነሣ ሲል ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔም ሳቄ ጠፋ።

ክፍሌ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሰፈሩን በተኛበት የወሰደው ክረምት ሰይፈ ሚካኤል ገና ልጅ ነበር። ጎርፉ ከግድግዳው ጋር ጠራርጎ ወሰደው። የአባዬ የባቡር ባልደረባ ልጅ፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረው ክፍሌ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ገባና በፀጉሩ ጎትቶ አወጣው። ብዙ ሰው ባለቀሰበት ማለዳ እኛ ቤት ለቅሶ ያልገባው በሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን "አውጥቼሃለሁ" ብሎት አያውቅም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ እናታችን ስታርፍ ከሣጥኗ አንዱን ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የጫት በርጫው ሞቅ ሲል ጓደኞቹን ጭኖ፣ ፈቃድ ያለውን ጠመንጃ ይዞ ወደ ጀልዴሳ ይወርዳል። ጅግራ ሲያገኝ ጅግራ፣ ሲያጣ ደግሞ ዓይኑ ያረፈበትን።

ወንድሜ ቤት ሳይገባ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጥቶ ኖሯል። በማግስቱ ጠመንጃው ተያዘ። ያየው ሰው ሰይፈ ሚካኤል ብቻ ስለሆነ ክሱ የቆመው በሱ ምስክርነት ላይ ነው።

አባዬ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚለው። "ከጎርፍ ባወጣህ እጅ ላይ ካቴና ልታስገባ ነው?"

"አባዬ፣ የያዝኩት እኮ ሥራዬን ነው።"

"ሥራህን ማን ከለከለህ? እኔ የምልህ ያቺን እጅ ነው።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው ያሳዝናል፤ የቱንም ቢመልስ ውለታ ቢስ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌ መጣ። ፊት ፊት የነበሩት ሐጂ ዛኪር ናቸው። መጋላ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በሰፈራችን ክርስቲያን ከክርስቲያን ቢጣላ እንኳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ሰው ሲያስታርቁ ዳኛ አይመስሉም፣ አባት ይመስላሉ። ሁለት የባቡር ጡረተኞች ተከትለዋቸዋል። ከኋላ ክፍሌ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ማንም ሳይነግረው የግቢያችንን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ጭኖ ወንድሜ ፊት ተንበረከከ።

አያቶቻችን ከደጋ ይዘውት የመጡት ወግ ነው፤ እዚህ ሐሩር ውስጥም አልቀለጠም። ድንጋይ የተሸከመ ሰው በገዛ እጁ አያወርድም። "አውርድ" ማለት የተበዳዩ ነው። እስኪል ድረስ ያጎነብሳል፣ ቢመሽም ያጎነብሳል።

"ልጄ ሰይፉ" አሉ ሐጂ ዛኪር፣ "ወንድምህ ነው። ጥፋቱን አልካደም። እኛም ሽበታችንን ይዘን መጥተናል። አላህ የሚወደው ይቅር ማለትን ነው።"

ያን ቀን ዐብዲናሲር እኛ ጋ ነበር። የወንድሜ የሥራ ጓደኛ ነው፤ የጀልዴሳ ሶማሌ፣ ድሮ የግመል እረኛ የነበረ፣ አሁንም ሲራመድ ግመል የሚከተል የሚመስል። ጀሪካን ላይ ቁጭ ብሎ ለአሞራው ሳንባ ቆራርጦ ያበላ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠና "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ሰው ሲገደል የሟች ወገን ይመጣል። ግመል ሲገደል ባለቤቱ ይመጣል። የነዚህ ወገን ማነው?"

ሐጂ ፈገግ አሉ። "ሰይፉ ነዋ። ጠባቂያቸው አይደል?"

"ጠባቂ እረኛ ነው፣ ሐጂ። ወላሂ እኔ ስንት ዓመት የሰው ግመል ጠብቄያለሁ። አንድ ቀን የሰው ግመል ደም ይቅር ልበል ብል ባለቤቱ ምን ይለኝ ነበር?"

ከጡረተኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ሐጂ አልሳቁም። የክፍሌ ላብ ከአገጩ እየተንጠባጠበ አፈሩ ላይ ይወድቃል። አንገቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አባዬ ወንድሜን አየው፣ ወንድሜ አባዬን አየው፤ እኔ ደግሞ አሞራውን አየሁት። ክንፉ እንደታሰረ ሳንባውን እየጎተተ ነው፣ በመሃላችን ስለ ምን እንደምንማከር ጉዳዩም አይደል።

"አውርድ" አለ ሰይፈ ሚካኤል።

ክፍሌ ድንጋዩን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁለተኛ ወፍ ላይ እጄን አላነሣም ብሎ ማለ። ተቃቀፉ፣ ሐጂ መረቁ፣ አባዬም ዓይኑን ጠረገ። ማክሰኞ ዕለት ሰይፈ ሚካኤል ጣቢያ ሄዶ "መሽቶ ነበር፣ የተኮሰውን በደንብ አላየሁም" ብሎ ፈረመ። ፋይሉ ተዘጋ፣ ጠመንጃውም ለባለቤቱ ተመለሰ። ክፍሌ በዚያው ሳምንት ለአሞራው ብሎ የግመል አጥንት በጆንያ ላከልን። እኔ ጆንያውን ሳይ ያንገበገበኝን ንዴት ዛሬም አልረሳሁትም። ለማን እንደምናደድ ስላላወቅኩ የስፌት መኪናዬ ላይ ተወጣሁት፤ ያን ሳምንት ኪስ አበላሽተሻል ብለው ተቆጡኝ።

አሞራው ከኛ ጋር ከረመ። ስም ያወጣለት አባዬ ነው። ክንፉ ሲጠግግ በግቢው ወዲያና ወዲህ መንጎራደድ ጀመረ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ እያንዳንዱን ነገር ጎንበስ ብሎ እየመረመረ። አባዬ ትንሽ ካየው በኋላ "ይሄማ ሼፍ ደጋር ነው" አለ። በሱ ጊዜ ሼፍ ደጋር የሚባለው የባቡር ጣቢያው አለቃ ባቡር ሊገባ ሲል እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንዲህ ይንጎራደድ ነበር አሉ፤ ያኔ ደፍሮ የሚያስነጥስ ሠራተኛ አልነበረም። ስሙ ሼፉ ሆኖ ቀረ። ድንጋዩንም የወረሰው እሱ ነው። ክፍሌ የጣለበት ቦታ እንዳለ ነበር፤ ሼፉ ጠዋት ጠዋት እላዩ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ እኛም በሩን ሌላ ነገር አስደገፍነው።

አባዬና ሼፉ ምን ያህል እንደተዋደዱ ብነግራችሁ አታምኑም። ለአሞራ ብሎ ሰው የሚከስ እያለ ሲያማርር የነበረው ሰውዬ ቄራ ድረስ በእግሩ ሄዶ አንጀት ይለምናል። ቁርሱን ይዞ ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጥና "ሼፍ፣ የጅቡቲው ባቡር ገባ ወይ?" ይለዋል። ሼፉ አንገቱን አዘንብሎ ያየዋል። "አልገባም እንዴ? እንግዲህ ይጠበቃል" ይላል አባዬ። የባቡር ሥራው ከቆመ፣ እናቴም ካረፈች ወዲህ አባዬ እንዲህ ብዙ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤት ቤታችንን ጥንብ አንሳ ቤት ይለው ጀመር፤ ይበል፣ ያንን ወሬ ለመስማት እኔ ግማሽ ቄራ እሸከም ነበር።

በገና ማግስት ለቀቅነው። ጀልዴሳ መንገድ ድረስ ሁላችንም ሄድን። አባዬ ከሣጥን ሥር የባቡር ቆቡን አውጥቶ አድርጓል። ሼፉ ከካርቶኑ ወጥቶ ትንሽ ተራመደ፣ እንደ ልማዱ መሬቱን መረመረ፣ ከዚያ ሮጥ ሮጥ ብሎ ተነሣና ምሰሶው ላይ ወጣ። ክንፉ ሲዘረጋ ያን ያህል እንደሚያምር አላውቅም ነበር። አባዬ እጁን ቆቡ ጫፍ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው።

ሰይፈ ሚካኤል ግን ሆዱ አልቻለም። ለሥራ በወጣ ቁጥር በቢሮው ነጭ ፒካፕ አጥንት ይዞለት ይሄዳል። ሼፉ ነጯን መኪና ከሩቅ ያውቃታል፤ ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ቁልቁል ወርዶ በሩ አጠገብ ይጠብቃል። ወንድሜ በስልኩ ቀርጾ ያሳየን ነበር፣ አባዬም ደጋግሞ ያየዋል።

"አቦ ሰይፉ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም" አለው አንድ ቀን ዐብዲናሲር። "መኪና መፍራት አለበት።"

"ትንሽ ይጠንክርና አቆማለሁ።"

በጥር መጨረሻ ክፍሌ የእህቱን ልጅ ዳረ። ከደጋ ብዙ እንግዳ መጣ። እኛም ተጠርተን በላን፣ ጨፈርን። በሠርጉ ማግስት ረፋድ ላይ ዐብዲናሲር የግቢያችንን በር አንኳኳ። ጎኑ ላይ በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ዐብዲናሲር ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው፣ ሽርጡንም ገለጠ።

ሼፉ ነበር። የጠገገው ክንፉ ተዘርግቷል፤ ደረቱ ክፍት ነው።

"ተኩስ ሰምቼ ስሮጥ መኪናዋ እየሄደች ነበር" አለ። "ነጭ ፒካፕ። የሠርጉ ሪባን አልተፈታላትም።" የሽርጡን ጫፍ መልሶ አለበሰውና "ሸሽቶ አይደለም የተመታው፣ ሰይፉ። ከምሰሶው ወርዶ፣ መኪናዋ ቆማበት ከነበረው የጎማ ዱካ አጠገብ ነው ያገኘሁት" አለ።

ሰይፈ ሚካኤል ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። ክፍሌ አልካደም። ክፍሌ መካድ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያ ነው የሚያናድደው።

"ሰይፉ ሙት፣ እንግዶቹ ናቸው ያስቸገሩኝ" አለ። "አንድ ጊዜ አሳየን አሉኝ። እኔማ ወደ ላይ ተኩሼ ልመልሳቸው ነበር። ከዚያ ይሄ ራሱ ወርዶ መጣ እኮ። መኪናው አጠገብ ቆመ። ሳቁ፣ ምን ትጠብቃለህ አሉኝ፣ እኔም…" ከዚያ ለቅሶ ለቅሶ እያለው "ያንተ መሆኑን አላወቅኩም። ያንተ መሆኑን ባውቅ እጄን ይቁረጠው" አለ።

"የኔ አልነበረም" አለ ወንድሜ፣ ስልኩንም ዘጋው።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዷል። መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ሰጥቶ አዳመጠው። "ጓደኛህ መኪና እንጂ ተኳሽ አላየም" አለው። "በስልክ አመነልኝ ትላለህ፤ ነገ አላልኩም ቢልስ? በጥቅምት አየሁት ብለህ መጣህ፣ በሳምንቱ አላየሁም ብለህ ፈረምክ። እንግዲህ ቃልህን ምን ላድርገው?" ወንድሜ ይህን ሲነግረን እንደ ሌላ ሰው ነገር ነው ያወራው። አባዬ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ይዞ ይወጣል፣ ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሳይቀምስ ይመለሳል።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌ መጣ። እነዚያው ሐጂ ዛኪር፣ እነዚያው ጡረተኞች፣ ከኋላ ክፍሌ። ሐጂ በዚህ ጊዜ ቶሎ አልጀመሩም፣ በመሐረባቸው ፊታቸውን ይጠርጉ ነበር። ክፍሌ ግቢውን በዓይኑ ቃኘና ድንጋዩን አገኘው። ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሰይፈ ሚካኤል ቀድሞ ደረሰና ድንጋዩን ታቀፈው።

"እኔ ልሸከም ሰይፉ፣ የኔ ነው" አለ ክፍሌ።

"ለማን ልትሸከም? ለኔ? አንተ እኔን አልገደልከኝም፣ ክፍሌ። አንተ እኔን ያዳንክ ሰው ነህ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ ሐጂ ዞረ። "ሐጂ፣ ያን ቀን ዐብዲናሲር እውነቱን ነበር። እኔ ወገናቸው አልነበርኩም። ያልተበደልኩትን በደል ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጠመንጃውን ያስመለስኩለት እኔ ነኝ፣ መኪና ማመንንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ዛሬ ድንጋዩ የኔ ነው።"

ሐጂ ዛኪር ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ሰጡት።

ድንጋዩን የቢሮው ፒካፕ ላይ ጫነ። ዐብዲናሲር አጠገቡ ገባ፤ እኔና አባዬ ከኋላ ወጣን። ክፍሌ በራችን ላይ ቀረ። የት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ሆኖ ሳየው፣ እግዜር ያውቃል፣ አዘንኩለት።

ዐብዲናሲር ሼፉን የቀበረው ከምሰሶው ሥር ነው፤ ውሻ እንዳያወጣው እሾህ ከምሮበታል። ፀሐይ ዝቅ ብላለች። ምሰሶዎቹ ላይ ግን አንድም ወፍ የለም፤ ከተኩሱ ወዲህ አልተመለሱም። ሰይፈ ሚካኤል ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ እሾሁ ፊት ተንበረከከ። እኛ ቆመን አየነው።

ቆይቶ አንገቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ልክ እንደ ክፍሌ። አባዬ አላስቻለውም። "ልጄ፣ በቃ…" ሲል ዐብዲናሲር ክንዱን ያዘው።

"አባባ፣ እኛ ማን ነን?" አለው ቀስ ብሎ።

አባዬ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሰ። እኔም "አውርድ" የምትለውን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ላቡ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ፤ ቃሏ ግን የኔ አልነበረችም።

ሊመሽ ሲል ከአዋሽ አቅጣጫ አንድ ነጭ ጥንብ አንሳ ብቻውን መጣ። በላያችን አንዴ ዞረ። ዝቅ አለና ምሰሶው ላይ ሊያርፍ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ መኪናዋን አየ፣ አጠገቧ የቆምነውንም ሰዎች አየ፣ ክንፉን መትቶ ወደመጣበት ተመለሰ። ሰይፈ ሚካኤል የክንፉን ድምፅ ሰምቶ ቀና ሊል ሞከረ። ድንጋዩ ከለከለው።